በግ ያልታረደበት ክርስትና

ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ አሶሳ ውስጥ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ ይሰቀል ነበር። በዚያ ዓመት የወይዘሮ ውድነሽ ልጅ ትዕግሥት ምጥ ጠንቶባት ልትሞት ደረሰች። ያተረፈቻት የበርታዋ አዋላጅ ሐዋ ናት።

ውድነሽ በሰፈራ ከወሎ ከመጣች ጀምሮ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ሐዋ ግን በውድነሽ ድግስ ላይ እጇን ታጥባ አታውቅም። ሻይ ጠጥታ፣ መርቃ ትሄዳለች።

ምክንያቱን ላስረዳ፤ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በአገራችን ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን። በጉ አንድ፣ የጋጠው ሣርም አንድ፤ የሚለየው ሲታረድ የሚባለው ጸሎት ነው። ሥጋው የተሠራበት ድስትም እንደ ሥጋው ይቆጠራል።

ለሕፃኗ ክርስትና የውድነሽ ባል ቢሻው በግ ገዝቶ አሰረ። ውድነሽ ግን አልዋጥልሽ አላት። ልጇን የመለሰችላትን ሴት ዛሬም በሻይ ልትሸኛት ነው? ሄዳ ጠየቀቻት።

«እትዬ ሐዋ፣ ምን ሠርቼ ላብላሽ?»

ሐዋ ሳቀች። «ዓሣ አለ አይደል? ዓሣ ማን ያርዳል?»

እውነቷን ነው! ዓሣ አራጅ አይፈልግም፤ ከውኃ መውጣቱ ይበቃዋል። ወሩ የፍስክ ነበር። ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ብዙ ክርስቲያኖች ስለማይበሉት፣ ውድነሽ ቅርፊት ያለውን ቀረሶ መረጠች።

ቢሻው ጮኸ። «ለክርስትና ዓሣ? የደሴ ዘመዶቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

«ልጅህን ያዋለዳት ደሴ ነው እንዴ?»

በጉ ለፋሲካ ተረፈ።

ዓሣው ከዳቡስ ወንዝ ሲመጣ ውድነሽ በደስታ ትልቁን ድስቷን ጣደች፣ ዘይት ጨመረች። ሐዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«ውድነሽ! እሱ ድስት ስንት በግ በልቷል!»

ውድነሽ ድስቱን ከእሳቱ አወረደች። እንግዳ መግባት ጀምሯል። የሐዋን ድስት እንዳትዋስ፣ ያም ሙስሊም ያረደው ሥጋ የተሠራበት ነው። ያኔ ትዕግሥት ለሠርጓ የተሰጣትን፣ እሳት ያልነካውን የሱዳን ድስት ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

«ለክፉም ለደጉም ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ከዛሬ የተሻለ ደግ ቀን ከየት ይመጣል?»

ምግቡ ሲደርስ ቢሻው ራሱ ማስታጠቢያ ይዞ ዞረ። ሐዋ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊያልፋት ነበር።

«አንተ! ወዴት ታልፈኛለህ?» ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

ውድነሽ ሳህን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ውኃው ከሐዋ ጣቶች ይንጠባጠባል።

«ተመስገን» አለችና የመጀመሪያውን ዓሣ ፊቷ አስቀመጠችላት።