የሳሙና ካርቶኗ ሱቅ

ልጄ ሕሊና የሙጫውን ክዳን ስትከፍተው ሽታው ቤቱን ሞላውና፣ በረንዳው ላይ ሩዝ እየለቀምኩ የነበርኩት እኔ እጄ ሰፌዱ ላይ ቆሞ ቀረ። አክስቷ ከአዲስ አበባ የላከችላት ስጦታ ነው፤ በጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ በቀጫጭኑ የተቆራረጠ እንጨት፣ የጥፍር ያህል በርና መስኮት፣ ወረቀት ላይ የታተመ ኬክና አበባ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታክል አምፖል፤ እንደ ሥዕሉ ከተጣበቀ የፈረንጅ ኬክ ቤት ይወጣዋል። ሕሊና ግን ኬክ ቤቱን አልወደደችውም። «ይኼንማ እዚህ ማን ያውቀዋል፣ እማ? የወረታ ሱቅ ላድርገው» አለችና ኬክ የተሳለበትን ወረቀት ገልብጣ ነጩን ወደ ውጭ ለጠፈችው፤ በአበባው ፋንታ ከቁራጭ ጨርቅ የሰፋቻቸውን የሩዝ ጆንያዎች ደረደረች፤ በሩ ላይም ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጣ ጥንድ ጥንድ ጫማ አንጠለጠለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ሙጫው ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል፤ እኔ ደግሞ በማስቲሽ ያጣበቅኋትን ሱቅ እስካሁን አልረሳኋትም።

አባቴ እዚሁ ወረታ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለ አንድ በር ሱቅ ነበረው። ጋዝ፣ ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ጫማ ሰፊዎች የሚገዙት ማስቲሽ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ከረሜላ፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ክፍል ተጨናንቆ፣ ገና ከደጅ የጋዝና የሳሙና ሽታ ተደባልቆ ይቀበላችሁ ነበር። አባቴ ጨዋታ ወዳድ ነበርና ክብሪት ሊገዛ ጠዋት የገባ ሰው ለምሳ ሲወጣ፣ አንዳንዱም ክብሪቱን ረስቶት ሲሄድ አይቻለሁ። እናቴ በዚህ ትናደዳለች፤ ግን እሷም ቡናዋን ትታ በመጋረጃው ቀዳዳ ስታዳምጠው ብዙ ጊዜ ደርሼባታለሁ።

ያን ክረምት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። በፎገራ ሜዳ ላይ ያሉት የቁሐር ሚካኤል ሰዎች በውሃ ተከበው ጨውና ጋዝ አጡ ሲባል፣ አባቴ ዳማዋን በቅሏችንን ጭኖ ተነሣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ሰማዩን እየው እንጂ» አለችው። እሱም ቀና ብሎ ሳያይ «የሐምሌ ሰማይ መቼ ስቆ ያውቃል? ነገ ማታ እዚህ ነኝ» አለና ወጣ።

በማግስቱ ስንነሣ ሜዳው አልነበረም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ያደረው ውሃ ወንዞቹን ገንፍሎ አውጥቷቸው፣ ሩዙም የከብቱ ግጦሽም ሐይቅ ሆኖ፣ የዛፎቹ አናት ብቻ እንደ ቁጥቋጦ ብቅ ብቅ ብሏል። የሜዳው ሰው ከብቱን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ፣ ቁርበቱን ጠቅልሎ ወደ ከተማው ይጎርፍ ጀመር። እናቴ ሱቁን ዘጋችና እጄን ይዛ መንገድ ዳር ቆመች፤ ያለፈውን ሁሉ «በቅሎ የያዘ ነጋዴ አላያችሁም?» ትላለች። አንድ ሽማግሌ ቆም አሉና «በቅሎስ ውሃው ሲወስዳት አይተናል፤ ሰው ግን አላየንም» አሏት። እናቴ የበቅሎዋን መልክ አልጠየቀቻቸውም። እጄን ግን ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ጨበጠችው፤ እኔም እንድትለቀኝ መናገር ፈራሁ።

እሱ ሳይመጣ ቀን ቀንን ተካው። እናቴ ከመንገዱ ዳር አትጠፋም፤ እኔ ደግሞ በተዘጋው ሱቅ ውስጥ፣ በበሩ ቆርቆሮ ሽንቁር በሚገባው ብርሃን፣ ባዶ የሳሙና ካርቶን አጋድሜ ሱቅ መሥራት ጀመርኩ። ለምን እንደጀመርኩት አላውቅም፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ጆሮዬ የውጭውን ወሬ መስማት ይተው ስለነበር ይመስለኛል። የክብሪት ቀፎዎችን በማስቲሽ ደራርቤ መሳቢያቸው የሚሳብ መደርደሪያ አደረግኋቸው፤ ከሻማ ቁራጭ ሳሙና ቀረጽኩ፤ ከከረሜላ ልጣጭ የጋዝ ማንቆርቆሪያ ጠመዘዝኩ፤ ለጣራው የዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ አገኘሁ፤ ባንኮኒውንም እንደ አባቴ ባንኮኒ በአንድ ጎኑ ዘመም አደረግሁት።

እናቴ ገብታ ስታየው ቀለሟ ተለወጠ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የአባ ሱቅ ነው።»

«ባለቤቱ በሌለበት ሱቁን ለብቻው ትሠሪያለሽ? ሟርተኛ! አፍርሽው!» ብላ እጇን አነሣች። ከዚያ የዘመመውን ባንኮኒ አየችውና እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ቀስ ብላ አወረደችው። «በይ ሸፍኝው። ሰው አይየው» ብላኝ ወጣች።

ካዩት ሰዎች አንዷ እትየ ዘርፌ ነበረች። እትየ ዘርፌ ከአጥራችን ጀርባ ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። በአገራችን ሸክላ ሠሪን ቡዳ ናት ይሏታል፤ በእሷ ድስት ወጡን ሠርቶ የሚበላ፣ በእሷ እንስራ ውሃውን የሚቀዳ ሁሉ ከቤቷ ጉንጭ ውሃ አይቀምስም። እናቴም ከሌላው የተለየች አልነበረችም፤ ሰላምታ ትሰጣታለች፣ ዕቃ ትገዛታለች፣ እኔ በደጇ ሳልፍ ግን በነጠላዋ ትሸፍነኛለች። በእነዚያ ቀናት ሌላው ጎረቤት መጀመሪያ መጥቶ አጽናንቶን፣ ኋላ ወደሚያፈሰው ጣራውና ወደ ከብቱ ሲመለስ፣ እትየ ዘርፌ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ከደጃፉ ሳታልፍ ቆማ ትጠይቃለች። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። እሷም ትንሽ አብራት ቆማ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ካርቶኗን በሽንቁሩ አየቻትና «እንስራ የሌለው ሱቅ አለ እንዴ?» ብላኝ ሄደች። በማግስቱ መዳፏን ስትዘረጋ አውራ ጣት የሚያህሉ እንስራ፣ ድስትና ጋን፣ እጀታቸው ሳይቀር ተሠርቶላቸው፣ ተተኩሰው ቀልተዋል። ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ እንደ እሳት ፍም አየቻቸው፤ ግን ለእምቢታም አቅም አልነበራትም መሰለኝ፣ «አስቀምጫቸው» አለችኝ።

እኔም ተደፋፈርኩና በአጥሩ ቀዳዳ «እትየ፣ ሰው ይሥሩልኝ። አባን ይሥሩልኝ፣ ባንኮኒው ኋላ የሚቆም» አልኳት።

ጭቃውን ከጣቶቿ ጠረገች። «ሰው እንኳ አልሠራም፣ ልጄ። ሰው የሚሠራ እግዜር ነው። ያንቺ አባት የተሠራ ነው፤ ይመጣል። ቦታውን ብቻ ክፍት አድርጊለት» አለችኝ። እኔም ከባንኮኒው ኋላ የከመርኩትን ሁሉ አነሣሁለት።

አባቴ የመጣው ቀትር ላይ፣ በታንኳ ነው። በወጣበት ቀን ሲመሽ ውሃው የያዘው መንገድ ላይ ሆኖ፣ ከገበሬዎች ጋር የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ሰንብቶ፣ አንድ የቁሐር ሰው ውሃው ዳር ድረስ በታንኳ አድርሶት፣ ከዚያ ትከሻውን አስደግፎ አመጣው። በቅሎዋም ጭነቱም የሉም። እናቴ እልል አላለችም፤ እግሩን አጠበችው፣ ጋቢ ደረበችለት፣ ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ለብቻዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።

ግን ጭንቀቱ አላለቀም። ወባ ይዞት ኖሮ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጋቢው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ የጋቢውን ጠርዝ እያየሁ፣ ዛሬ ባይነሣበት እያልኩ እማጸናለሁ። ትኩሳቱ ሲተወው ደግሞ ካርቶኗን አምጪ ይለኛል። አንድ ቀን እንደ ግብር ሰብሳቢ አገላብጦ መረመራትና «ጋዝና ስኳር ባንድ መደርደሪያ! ደንበኛሽን ጋዝ የሚሸት ሻይ ልታጠጪው ነው?» አለኝ። «ሚዛን የሌለው ሱቅ ደግሞ ሱቅ አይደለም» ብሎ ከሁለት ቆርኪና ከክር ሚዛን ሠራልኝ፤ ስንዴ በአንዱ፣ ጤፍ በሌላው አድርገን ስንመዝን እንውላለን። ሱቁ ክፍት በነበረ ጊዜ ሁሉም ደንበኛ አባቴን ከእኔ ቀድሞ ይወስደው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የእኔ ብቻ ሆነ።

ሊጠይቁት የሚመጡ ሴቶች ግን ዓይናቸው ትንንሾቹ ሸክላዎች ላይ አረፈ። አንደኛዋ ለእናቴ «ይኼ ወባ ብቻ አይደለም፣ እቴ። ሰውየው ተበልቷል። ምን ቤትሽ እንዳስገባሽ አታይምን?» አለቻት። ካርቶኗን እቅፌ ውስጥ አስገባኋት። እናቴ መሬት መሬት አየች። ከመደቡ ላይ አባቴ «የበላችኝ ቢንቢ ናት። ጠበል መውሰድ ካማራችሁ እሷን ያዙና ውሰዷት» አላቸው። ሴቶቹ ሳቁ። ወሬው ግን ከሳቁ ቀድሞ ደጅ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ሰው የእትየ ዘርፌን ሸክላ ዘሎ ያልፍ ጀመር። ልትተኩሰው ያሰጣችውን እንስራ ደግሞ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው በድንጋይ ፈረካከሰው። አባቴ ተሽሎት፣ መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ እትየ ዘርፌ የተረፋትን ዕቃ በጭድ ጠቅልላ በአህያ ጫነች። ወንድሟ አንበሳሜ አለ፤ ወደዚያ መሄዷ ነው ተባለ።

የሰፈሩ ሴቶች በየደጃቸው ቆመው ያያሉ። እናቴ እጄን ይዛ ወጣች፤ በመካከላቸው አለፈችና አህያዋ አጠገብ ቆመች።

«ዘርፌ፣ ውሃ አጠጪኝ።»

«ከኔ ዕቃ?»

«ካንቺ ዕቃ።»

እትየ ዘርፌ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ለመንገድ የያዘችውን ቅል ፈትታ ሰጠቻት። እናቴ ሁሉም እያዩ ጠጣች፤ ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ ይታየኛል። አጋምሳ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም ጠጣሁ። ውሃው ጭቃ ጭቃ ይላል፤ ቀዝቃዛ ነው።

እትየ ዘርፌ ቅሉን ተቀብላ ውታፉን እየወተፈች «ይኼን በክረምቱ ብታደርጊው ኖሮ...» አለችና ተወችው። አህያዋን ነዳች።

አባቴ ሱቁን መልሶ ሊሞላው አልቻለም። ሱቁን ለሌላ ሰው አከራየና ራሱ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ሲመዝን ኖረ፤ ጨዋታውም እያጠረ ሄደ። ካርቶኗን የሚቀጥለው ክረምት ፍሳሽ አበሰበሳት። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ወደ አንበሳሜ ገበያ ሄጄ ሸክላ ሻጮቹን አንድ በአንድ ጠይቄአለሁ። አንዷ ወጣት «ከወረታ የመጣች? ነበረች ይላሉ» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ የምታውቀው አልነበራትም። አባቴንና እናቴን ጎን ለጎን ቀብሬአቸዋለሁ፤ ሲከፋኝ የምሄድበት ቦታ አለኝ። እትየ ዘርፌ የት እንዳረፈች ግን እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።