ጨው የሌለው የእናቴ ወጥ

ትናንት ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ተማሪ ጥሬ ኑድል ከነላስቲኩ በመዳፏ ስታደቅ ሰማሁ። ያ የመሰባበር ድምፅ ይዞኝ ወደ ልጅነቴ ሄደ። እኛም ከታቦር ትምህርት ቤት ስንወጣ እንዲሁ አድቅቀን፣ ቅመሙን ነስንሰንበት እንቆረጥመው ነበር። እኔማ የጓደኛዬን ቅመም ጭምር እየቀማሁ፣ ጨዋማው ዱቄት ከንፈሬን እስኪያቃጥለኝ ጣቴን እልስ ነበር።

«አንቺ ፍየል ነሽ እንጂ ሰው አይደለሽም» ትለኝ ነበር ጓደኛዬ።

አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር መጥተው ደም ግፊት ለኩን። ግፊት ለእኛ የትልልቅ ሰዎች በሽታ ስለነበር እየተሳሳቅን ተሰለፍን። የእኔን የለካው ልጅ ግን አልሳቀም። ክንዴን እንደገና አስሮ ለካኝና መምህሩን ጠራ።

«ቤት ውስጥ ግፊት ያለበት ሰው አለ?» አሉኝ መምህሩ።

ክው አልኩ። እናቴ አለች! ግፊት ጥሏት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት፣ አንደበቷም ከተሳሰረ ቆይቷል። ሳላስበው ከንፈሬን ነካሁ፤ በአንድ በኩል የተጣመመ መሰለኝ።

«ግፊትሽ ከፍ ብሏል፤ ጨው ቀንሺ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደግመሽ ተለኪ» አሉኝ።

ወደ ቤት ቁልቁለቱን ስወርድ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር፤ በመታ ቁጥር አሁን ነው የምወድቀው እላለሁ። ከታች ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ሲነካኝ እንኳ ጉንጬ የደነዘዘ መሰለኝ። ሞትን አልነበረም የፈራሁት። ስሜን መጥራት አቅቷት እንባዋ የሚቀድማትን እናቴን መሆን ነበር።

ቤታችን ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ ጨው የሌለው የእናቴ። የእሷን ማንም አይነካውም። እራት ሲቀርብ ከእሷ ሳህን ቆረስኩ። ሽሮው አልወርድ አለኝ።

«ተዪ... የ... የበሽተኛ ነው» አለችኝና በደህናው እጇ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«እማዬ፣ እኔም ጨው ተከለከልኩ። ግፊት አለብሽ አሉኝ።»

እጇ ቀጥ አለ። ፊቴን፣ በተለይ አፌን፣ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሳህኑን ቀስ ብላ መሃላችን ላይ መለሰችው፤ በዚያው እጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

ጤና ጣቢያ የጀመርኩት ሕክምና ረድቶኝ ግፊቴ ረጋ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ግን ከአንድ ሳህን በላን፤ እሷ ስታጎርሰኝ ጨው ይኑረው አይኑረው አላስተውልም ነበር። አልጫነቱ የሚታወቀኝ ዛሬ፣ ብቻዬን ስበላው ነው።