መብራት እስኪመጣ

ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለው ቤታችን ታላቅ ወንድሜ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ያረባ ነበር። አንዷ ዓሣ ስትወልድ ጫጩቶቹ ደረቁን ምግብ አልበላ አሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ሽሪምፕ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት እንቁላል፣ አስፈልፍሎ ሊመግባቸው፣ ጨዋማ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ውሃው ያለማቋረጥ አየር ሲነፋበት ነው። የሚነፋው ደግሞ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነበር፤ ከሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

"የፓምፑን ቱቦ በአፋችን እንንፋው?" አልኩት።

"ተይ ባክሽ፣ አሁን ይመጣል።"

ጎረቤታችን እትዬም ብቅ ብለው "አራስ ልጠይቅ ነበር፤ ገንፎው አልደረሰም?" ሲሉ ሳቅን፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

መብራቱ ሳይመጣ አደረ። ጠዋት እንቁላሉ ጠርሙሱ ሥር ዘቅጦ ስናገኘው ደነገጥን፤ ጉንጫችን እስኪዝል ተራ በተራ ነፋን። በማግስቱ ብርቱካንማ ነጠብጣብ የመሰሉ ሽሪምፖች ሲዋኙ አየን። ከጫጩቶቹ ግን አንድም በሕይወት አልቆየም።

ወንድሜ ሽሪምፖቹን አጥልሎ ለእናትየዋ ዓሣ ሰጣት። እየተሯሯጠች ስትበላ ፊቱን አዞረ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም፣ ዶርም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ምነው ያኔ እንንፋው ብዬ አንድ ጊዜ ደግሜ በነገርኩት እላለሁ።