የታሂር የቆዳ ሽርጥ

ቀጥቃጩ ታሂር ዕድሜውን ሙሉ እሳት ፊት የቆመው በቡትቶ ሸሚዝ ነው። ፍንጣሪ የጠባበሰው ደረቱ ወንፊት መስሏል። ቆዳ መልበስ እንደሚያድነው ጠፍቶት አልነበረም፤ ቆዳ የለበሰ ሰው ግን ሙያውን ከሩቅ ያሳብቃል፣ ቆቦ ላይ ደግሞ ቀጥቃጭ ማለት ቡዳ ማለት ነው። ማረሻ ሊያሠራ የመጣው ገበሬ ራሱ ሕፃኑን በጋቢ ሸፍኖ ነው የሚያልፈው። ማረሻው አይበላም፣ ሠሪው ይበላል!

በ1970 ዓ.ም. አንድ ካድሬ ባለ እጆቹን ሰብስቦ ወረቀት አነበበላቸው። ቡዳ የሚባል የለም፣ የባላባት ወሬ ነው፣ ባለ እጅ የአብዮቱ አውራ ነው አለ። እኛ ፊደል የቆጠርነው እንኳ ግማሹን ያላመንነውን ወረቀት፣ ፊደል ያልቆጠረው ታሂር ሳያላምጥ ዋጠው።

በሳምንቱ የበሬ ቆዳ ገዛ። ነክሮ፣ ጠጉሩን ፍቆ፣ በእንቧይ አልፍቶ፣ እስኪለሰልስ ድረስ ቀናት ረገጠው። በወስፌ እየበሳ በጠፍር ሰፋው። ከደረት እስከ ጉልበት የሚወርድ ሽርጥ ሆነ። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ እሱ ግን እያገላበጠ አይቶ አልጠግብ አለ።

ያን ሰሞን ልጁን ዚነትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከዋጃ ሊመጡ ነበር። ሊያገባት የፈለገው ሙሀመድሰይድ እውነቱን ያውቃል፤ ለቤተሰቡ ግን «አባቷ ብረት ነጋዴ ነው» ብሏቸዋል።

«አባዬ፣ ያን ቀን ብቻ ነጭህን ልበስልኝ» አለችው ዚነት። «አንዲት ቀን!»

«እሺ» አላት። ለበሰም። ሽማግሌዎቹ ከደጅ «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ ግን ያ ወረቀት ሆዱ ውስጥ ተገላበጠበት። ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው አለና በነጩ ላይ ሽርጡን አጥልቆ ወጣ።

ዋናው ሽማግሌ ሸህ አብዱሰመድ ቆዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እኛ እንኳ የብረት ነጋዴ ቤት ነበር የጠየቅን።»

«ቤቱ ይኸው ነው፤ ቀጥቅጬ ነው የምነግደው። ግቡ እንጂ!»

«የለም፣ ጾመኞች ነን» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ሳቡ። ከኋላቸው የቆመው ጾመኛ ጫቱን ያመነዥግ ነበር። ተመልሰው ሄዱ።

ዚነት ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። አላለቀሰችም።

«ልጄ፣ ወረቀቱ እኮ…»

«ወረቀቱ ያግባኛ!»

በማግስቱ ታሂር ነጩን ብቻ ለብሶ ዋጃ ድረስ በእግሩ ወረደ። በሸህ አብዱሰመድ ደጅ ቆሞ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ የኮራበትን ሙያ ካደው።

«ቆዳው የኔ አይደለም። የሰው ነው፣ ልለካው ብዬ ነው ያጠለቅሁት። ወላሂ ነጋዴ ነኝ።»

«ይሁን ታሂር» አሉት ሸሁ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ልጃችን ግን የጎብዬ ሰው ልጅ እንዲያገባ ትናንት ማታ ቃል ሰጥተናል። ደክሞሃል፣ ውሃ ጠጣ።»

የቤቱ ልጅ ውሃ ይዛ ወጣች። ኩባያ ነበራት፤ አልሰጠችውም። እጁን እንዲዘረጋ ጠቆመችውና ሳትነካው ከከፍታ አንቆረቆረችለት። ታሂር አጎንብሶ ከእፍኙ ጠጣ፣ አመሰገነም።