ሮቦቱ ሲንበረከክ

አማጋሳኪ ከተማ ውስጥ፣ ከብረት ፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ ወንዱን ሁሉ ራቁቱን የምታውቅ አንዲት ሴት አለች። ሺዙኤ ኦኩሙራ ትባላለች። ክፉ ነገር እንዳታስቡ። የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት የሷ ነው። በሩ ጋ፣ የወንዶቹንና የሴቶቹን ልብስ ማውለቂያ የሚከፍለው ግድግዳ ጫፍ ላይ፣ ከፍ ያለች መቀመጫ አለች። እዚያ ላይ ተቀምጣ በቀኝ ከወንዶቹ፣ በግራ ከሴቶቹ ሒሳብ ትቀበላለች። ዕድሜ ልኩን እዚያ የተቀመጠ ሰው የማያየው ነገር የለም። ካየሁት ውስጥ የሚያስደንቅ ብዙም የለም ብላኛለች።

እኔ ከኋላ ነኝ። ታሜ ይሉኛል። ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት እየፈለጥኩ ውሃውን አሞቃለሁ። በእሳቱና በወንዶቹ ማውለቂያ መካከል ትንሽ በር አለች፤ ሙቀቱ ሲበዛብኝ እሷን ከፍቼ እቆማለሁ። የማወራው ሁሉ ከዚያች በር ያየሁትን ነው።

ባሏ ጌንዞ መርከብ የሚገጣጥም ሰው ነበር። ወጣት ሳለ ብረት ወድቆ ግራ ጉልበቱን ሰበረው። ከዚያ በኋላ ገንዳው ውስጥ ሲገባ አገባቡ የራሱ ነው። መጀመሪያ ግራ እጁን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ይቆማል። አንድ ሰው እንዳታለለው ሁሉ «ኧህ» ብሎ ይተነፍሳል። ከዚያ ቀኝ ጉልበቱን ያጥፋል፣ በመጨረሻ ግራ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ይወርዳል። ልጃቸው ኖቡሂኮ ትንሽ ሆኖ፣ ማውለቂያው መሃል ያንን እየደገመ ወንዶቹን ያስቅ ነበር። ጌንዞ ሊመታው ይነሳል፤ በዚያ ጉልበቱ ማንን ሊይዝ።

ጌንዞ ሞተ። ኖቡ አደገና ቶኪዮ ሄደ፣ የሮቦት ካርቱን ሊስል። ዋና ሰዓሊ የሚባሉት ሮቦቱ እጁን ሳያነሳና ካነሳ በኋላ ያለውን ይስላሉ፤ ኖቡ መሃሉን ይሞላል። ሥራው ይኸው ነበር። ሺዙኤ ለደንበኛ ስታወራ፣ «ሚስት ማግባት ያለበት ሰውዬ ሮቦት ይስላል» ትላለች። ምሬት ይመስላል፣ ግን ሳይጠይቋት ነው የምታወራው።

እሱ ይደውላል። «እማዬ፣ ቅዳሜ ይታያል፣ እዪው እሺ?»

«እሺ ልጄ።»

አላየችውም። የሮቦት ካርቱን የሚታየው መታጠቢያ ቤቱ በሚሞላበት ሰዓት ነው፣ የወንዶቹ ማውለቂያ ቴሌቪዥን ደግሞ የሱሞ ትግል ነው የሚያሳየው። አንዱንም አላየችም።

ባለፈው መጸው ኖቡ ኪራይ ክፍሉ ውስጥ እንደተኛ ቀረ። ልብ ነው አሉ። ድካም ነው ያለም ነበር፣ ቀስ ብሎ። የሥራ ባልደረቦቹ ጥቁር ለብሰው ለቀብር መጡ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ፣ ኖቡ የሠራበት አዲስ ተከታታይ ከጥር ጀምሮ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይታያል አላት።

«ምኑን ነው የሳለው?» አለችው።

«እዚህም እዚያም» አለ ሰውየው። በሰፊው የነገራት ይኸው ነው።

በጥር የሱሞው ውድድር ሲጀመር ቻናሉን ወደ ካርቱኑ ቀየረች። ያሱኦካ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ጡረታ የወጣ በያጅ ነው፤ በሆዱ ስፋት ሱሞን እንደ ዘመድ ነው የሚያየው።

«ሺዙኤ፣ ቴሌቪዥኑ ታሟል።»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው? ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ይደባደባል።»

«ያንተውስ? ሥጋ ከሥጋ አይደለም የሚደባደበው?»

«ሱሞ ሕግ አለው።»

«ይሄም ሕግ ይኖረዋል፣ ገና ነው የጀመርኩት። ያልፈለገ ቤቱ ይታጠብ።»

ያሱኦካ ቤት መታጠቢያ የለም። ሁለቱም ያውቃሉ። ሌላ ሊላት አፉን ሲከፍት ከመቀመጫዋ አጠገብ ያለውን ነገር አየ። የኖቡን ፎቶ ከፎቅ፣ ለሙታኖቻቸው ከሚሰግዱበት የቤት መቅደስ አውርዳ፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ አቁማዋለች።

«የራሱን ሥራ ይይ ብዬ ነው» አለች።

ያሱኦካ ፎጣውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ካርቱኑን እስከ መጨረሻው አየው፤ ራቁቱን፣ ፊቱን አጨማዶ።

ተከታታዩ ዞልባክ ይባላል። ዞልባክ ሮቦቱ ነው፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ያክላል። ደረቱ ውስጥ ሪኔ የምትባል ልጅ ተቀምጣ ትነዳዋለች። ጭምብል ያጠለቀ ጄኔራል ያሳድዳታል። ከዚህ በላይ የገባው ሰው በሰፈራችን የለም።

አምሽተው የሚመጡት ታጣቢዎች ስላመለጣቸው ለቀልድ ይጠይቋታል፤ «አክስቴ፣ ሮቦቱ ዛሬ እንዴት ነበር?» እሷ ግን በቀልድ አትመልስም። ጋዜጣ ላይ ፊልም የሚተች ሰው እንደሚያደርገው መጀመሪያ ታሪኩን፣ ቀጥሎ ሰዎቹን፣ መጨረሻ ድብድቡን ታነሳለች።

«ታሪኩ ጥሩ አይደለም። በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ዓለምን አድኚ ብለው ጫኑባት። እዚያ አገር ትልቅ ሰው የለም እንዴ?»

«ሰዎቹስ?»

«ጄኔራሉ ክፉ አይደለም። የሚበላ የሚሰጠው ሰው አጥቶ ነው። በዚያ ጭምብልማ ምኑን ይበላል። ልጅቷ አታለቅስም፣ እሱን አልወደድኩትም። ማታ ማታ ማልቀስ ነበረባት።»

«ድብድቡስ?»

«እየተማቱ ያወራሉ። እየተመታ ማን ያወራል? ጌንዞ ብረቱ ሲወድቅበት ትንፍሽ አላለም። ሥዕሉ ግን ጥሩ ነው።»

ሥዕሉን ሁልጊዜ ጥሩ ነው ትላለች። የትኛው የልጇ እንደሆነ ስለማታውቅ አንዱንም መንቀፍ አልቻለችም። ጭሱን ታመሰግናለች። የሚፈርሰውን ሕንፃ ታመሰግናለች። አንድ ቅዳሜ ሮቦቱ የረገጠውን ድንጋይ ስታመሰግን ሰምቻታለሁ።

እየዋለ ሲያድር ሰው ለገላውም ለወሬውም መምጣት ጀመረ። ሴቶቹ በግድግዳው አናት ይጮሁላታል፣ «አክስቴ፣ ጄኔራሉ በላ?» «አልበላም» ትላለች፣ በዚህ በኩል ደግሞ ወንዶቹ ያዝናሉ።

ካርቱኑ ሲያልቅ የሠሩት ሰዎች ስም ሲሮጥ ያልፋል። ያኔ ከመቀመጫዋ ትነሳለች፤ ሒሳብ የያዘ እጅ ቢዘረጋላትም አታይም። በዚያ መሃል ሳይከፍል የገባ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ያሱኦካ ነው። የኖቡ ስም ካለ፣ «አለ» ትልና ትቀመጣለች። ከሌለም ዝም ብላ ትቀመጣለች።

«ታሜ፣ የትኛው ይመስልሃል የሱ?» ትለኛለች፣ ትንሿ በር ጋ ስታየኝ።

«እኔ በምን አውቃለሁ አክስቴ?»

«አንተ እሳት አንዳጅ ነህ። ጭሱን አይተህ የሱ እጅ መሆን አለመሆኑን አታውቅም?»

«ጭስ ጭስ ነው አክስቴ።»

«አይ፣ አንተም» ትላለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፣ ይሄ የሱ ነው ብላ በጣቷ የምታሳየው ነገር። ያን ካላገኘች፣ ያንን ሁሉ ዓመት ያላየችው ነገር እንዳላየችው ይቀራል።

በሐምሌ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ሙቀት፣ ሌላ የሱሞ ውድድር ተጀመረ። ያሱኦካ ውጤቱን በትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ እየሰማ፣ ዓይኑን ሮቦቱ ላይ ጥሏል። በዚያ ቅዳሜ ዞልባክ ተመትቷል፤ አንድ ክንዱ የለም። ልጅቷ ከደረቱ ወድቃ ባሕር ዳር ተዘርራለች። ሮቦቱ ሊያነሳት መጣ።

ግራ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። ቆመ። ከአንገቱ ሥር እንፋሎት ለቀቀ። ቀኝ ጉልበቱን አጠፈ። ከዚያ ግራ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ፣ አሸዋው ላይ ወረደ።

ያሱኦካ ሬዲዮውን ከጆሮው አወረደ።

«ጌንዞ» አለ።

ጌንዞን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከየተቀመጡበት ተነሱ። አንዱ ሳሙናውን ከገላው ሳያጥብ ከውስጥ ሮጦ መጣ። ሺዙኤን ቀና ብዬ አየኋት፤ ፎቶውን አንስታ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፣ ፊቱን አሁንም ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ። ስሞቹ አለፉ። የኖቡም አለ። አላነበበችውም።

ዘግይቶ የመጣ አንድ ሹፌር፣ «አክስቴ፣ ዛሬስ ታሪኩ?» አላት።

«ገብተህ ታጠብ» አለችው።

ነሐሴ ላይ ቦን ደረሰ፤ ሙታን ቤታቸውን ሊያዩ የሚመጡበት ሰሞን ነው። ለኖቡ የመጀመሪያው ስለሆነ የሚያውቁት ሁሉ መጥተው ሊሰግዱለት ይገባል። ከቶኪዮ አንዲት ቀጭን ልጅ መጣች፣ በዚያ ሙቀት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ። ሚናጋዋ ነኝ አለች፣ ከኖቡ ጎን ለጎን ተቀምጣ ትስል የነበረች። ከፎቅ ሰግዳ ስትወርድ መታጠቢያ ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ እኔ ወለል እየወለወልኩ ነበር።

ሺዙኤ በወንዶቹ በኩል አስቀመጠቻት፣ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ሰጠቻት፣ ስለ ካርቱኑ ያላትን ግምገማም አላስቀረችባትም። ልጅቷ ስለ ጄኔራሉ ምግብ ስትሰማ ሳቀች፣ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

«አሁን የሱን ላሳይሽ» አለች ሺዙኤ። ካርቱኑን በየሳምንቱ ትቀርጽ ነበርና ያንን ክፍል ለይታ አስቀምጣዋለች። ሮቦቱ ባሕር ዳር መጣ፣ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ወረደ። «ይሄ ነው። ይሄ የኖቡ ነው።»

ሚናጋዋ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«የኖቡ እናት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያንን የሳልኩት እኔ ነኝ።»

መወልወያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጅቷ እሺ ብላ ብትዋሽ ምን ነበረበት እያልኩ።

«ስሙ ግን መጨረሻ ላይ ወጥቷል» አለች ሺዙኤ።

«ማዕበሉን ስለሠራ ነው። ከኋላ ያለው ውሃ የሱ ነው።»

ሺዙኤ ወደ ኋላ መልሳ ውሃውን አየችው። ከዚያ በፊት ማዕበል መኖሩንም ያየች አይመስለኝም። ረጅም ጊዜ አየችው። ጥሩ ማዕበል ነው፤ ግን ማዕበል ነው።

«ጉልበቱስ ታዲያ?» አለች። «ጉልበቱ የማነው?»

ልጅቷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨበጠች። «አልሆን ብሎኝ ነበር። ሮቦቱ እንደ ተጣጣፊ ወንበር እጥፍ ይልብኛል። ዳይሬክተሩ ይመልሰዋል፣ እስላለሁ፣ ይመልሰዋል። ኖቡ ከወንበሩ ተነሳና ‹ብረት ከባድ ነው፣ እንደዚያ አይወርድም› አለኝ። በካልሲ ብቻ ሆኖ ቢሮው መሃል ወርዶ አሳየኝ። ‹አባቴ ነው እንዲህ የሚያደርገው› አለኝ። እሱን እያየሁ ሳልኩት።»

«አስደገምኩት» አለች ልጅቷ። «ቀኑን ሙሉ አስደገምኩት። ደክሞት ነበር፣ ከፊቱ ይታየኝ ነበር። ሦስት ሳምንት አልቆየም ከዚያ በኋላ። ይሄን ሳልነግርዎ መሄድ አልቻልኩም። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ይስቅ ነበር?»

«እ?»

«ሲወርድ። ይስቅ ነበር ወይ?»

«ይስቅ ነበር። ሰውም ሁሉ ይስቅ ነበር።»

ሺዙኤ ወደ ከፍተኛዋ መቀመጫዋ ወጣች። አጠገቧ ያለውን የኖቡን ፎቶ አስተካከለች፣ ፊቱን ወደ ልጅቷ አዞረችው።

«አሳዪኝ» አለቻት።

«ምኑን?»

«እሱ እንዴት እንዳደረገው።»

ሚናጋዋ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ተነሳች፣ መሃል ላይ ቆመች፣ ግራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «ኧህ» አለች፣ ወረደች።

«እጁን እንደሱ አያደርግም ጌንዞ። ወደ ጉልበቱ ጠጋ ያደርጋል።»

«ጌንዞን እኔ አላውቃቸውም፣ የኖቡ እናት። ኖቡ ግን እንዲህ ነው ያደረገው።»

«ልክ ነሽ» አለች ሺዙኤ። «ተሳስቶ ነው እንግዲህ። ድገሚው።»

ደገመችው። እንደገና ደገመችው። የመክፈቻው ሰዓት ደርሶ ሰው ደጅ ላይ የመታጠቢያ ሳህኑን ይዞ ተሰልፏል። የያሱኦካ ድምፅ ገባ፤ «ታሜ፣ እዚህ ፀሐዩ ላይ በስለናል፣ ገንዳም አያስፈልገንም።» ተከፍቷል ለማለት ደጅ የምንሰቅለውን መጋረጃ ላወጣ ስል ሺዙኤ በእጇ ተው አለችኝ። ልጅቷ አንዴ ስትወርድ አልተነሳችም፤ ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ሺዙኤ ከላይ ሆና ጠበቀቻት፣ ዋናተኛ ከውሃ እስኪወጣ እንደሚጠበቀው። ከዚያ ወርዳ በእጇ አነሳቻት፣ ጉልበቷን በእርጥብ ፎጣ ጠረገችላት።

«ያልታየ የቀረ አለ?» አለቻት። «የሱ ሥራ።»

«የለም። ማዕበሉ የመጨረሻው ነው።»

መስከረም ላይ ሱሞ ሲጀመር፣ ማንም ሳይጠይቃት ቻናሉን ራሷ መለሰችው። ፎቶው ፎቅ ወጥቷል። ያሱኦካ ገብቶ ሁለት ወፋፍራም ሰዎች ሲገፋፉ አየ፣ ደስ ያለው አይመስልም።

«ሮቦቱስ?»

«ሱሞህን እይ።»

«ጄኔራሉ ሳይበላ ሊቀር ነው?»

ወደ ገንዳው ሄደ። የመስታወቱ በር ክፍት ነው፣ ከመቀመጫዋ እስከ ውሃው ድረስ ይታያል። ያሱኦካ ጉልበቱ ጤነኛ ነው። ጠርዙ ላይ ቆመ፣ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ፣ «ኧህ» አለ።

«አታበላሸው» አለች ሺዙኤ ከላይ።

ያሱኦካ እጁን አነሳና እንደ ማንኛውም ሰው ገባ። እኔም ትንሿን በር ዘጋሁ፤ እሳቱ እየወረደ ነበር።