በአያታችን ስም የተቀመጠው ፋይል

ዛሬ ጠዋት ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር እቤቴ ማንዳዚ በሻይ እየበላን፣ የወንድሜ ልጅ ንጄሪ ስልኳ ላይ ዜና እያነበበች ሳቀች። «አክስቴ፣ ፓርላማው የስለላ መሥሪያ ቤቱን ፋይል አሳዩን ብሎት ነበር። ‹ኖ ሰች ፋይል› አሉ እኮ! ኢማጂን!»

እኔ አልሳቅኩም። «በማን ስም ጠየቋቸው?» አልኳት።

እኔም በጊዜው ጠይቄያለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በጋሽ ሁሴን የጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ለወረቀት ማጣራት ተብሎ ከመንገድ ተያዘና ታሰረ። ስሙ ከስለላው መሥሪያ ቤት ተጣርቶ ካልመጣ በሞያሌ በኩል አገሩ ይመለሳል ተባለ። አገሩ ምን እንደሚጠብቀው ስለማውቅ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ያኔ አንድ የፓርላማ ኮሚቴ እንዲህ ያለ አቤቱታ እየተቀበለ፣ የስለላ ሰዎቹን ፋይል እንዲያቀርቡ ይጠይቅ ነበር። ጋሽ ሁሴን «ሂጂ፣ ሱቁ የትም አይሄድም» አሉኝ። የረጅሙ ዝናብ ወር ስለነበር የኢስትሊን ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይዤ በማታቱ መሃል ከተማ ወረድኩ። ቅጹን ስሞላ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ላይ «ሰሎሞን» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራውም የሚከበረውም በራሱ ስም ነው፤ አቶ ሰሎሞን ነው እንጂ አቶ አባቱ የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ በዚህ ስም የተያዘ ፋይል የለም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ከሕዝብ ተወካዮች ይደብቃሉ!» አሉ። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰይ፣ ደግ አደረጓቸው አልኩ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መወራወር ሆነ። ዝናቡ አባራ፣ ጭቃው ደረቀ፣ ወንድሜ ግን እዚያው ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ማማ ንጄሪ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ደርቄ ሲያዩኝ ጠሩኝና ከፔርሙሳቸው የወተት ሻይ ቀዱልኝ። ቅጼን አውጥተው ደጋግመው አዩት።

«ይህ ሰሎሞን የማን ልጅ ነው?»

«የከበደ።»

«ከበደስ?»

«የወርዶፋ።»

«መታወቂያው ላይ መጨረሻ የተጻፈው የቱ ነው?»

«ወርዶፋ» አልኩና አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ፖሌ፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «እዚህ አገር ሰው የሚፈለገው በመጨረሻው ስሙ ነው።»

ዝም ቢሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር? ጠቡ ለኮሚቴውም ለስለላ ሰዎቹም ተመችቷል። እሳቸው ግን ሻዬን ሳልጨርስ አዲሱን ደብዳቤ ጽፈው አስፈረሙ።

በሳምንቱ ፋይሉ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። አንዲት ገጽ ናት፦ «ወርዶፋ፣ ሰሎሞን ከበደ። ምንም አልተገኘበትም።» የተፈረመችው እኔ አቤት ከማለቴ በፊት ነው። ለካ ወንድሜም ሲይዙት ስምህ ማነው ቢሉት «ሰሎሞን» ብሎ ኖሮ፣ እስር ቤቱ ወርዶፋ የሚባል እስረኛ የለኝም ብሎ ወረቀቷን መልሷታል። እህትና ወንድም ተባብረን ነው ያሳሰርነው! በተፈታ ዕለት አምስት ቻፓቲ በላና ስድስተኛውን ይዞ ተኛ።

አያታችንን ወርዶፋን ሁለታችንም አላየነውም፤ ሳንወለድ ነው የሞተው። በዚህ ሁሉ ናይሮቢ ስሙን አክብሮ የያዘለት የስለላው መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እንዲህም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ማማ ንጄሪ ካረፉ ቆዩ። አመሰግናለሁ ብያቸዋለሁ፤ ግን አልጠገብኩም። አሁንም ሻይ በወተት ስቀዳ እሳቸውን አመሰግናለሁ።

የወንድሜ ልጅ ስልኳን አስቀምጣ የዩኒቨርሲቲ ቅጿን መሙላት ጀመረች። አባቷ ከትምህርት ቤት መግቢያዋ ጀምሮ እንዳስለመዳት ጻፈች፦ ንጄሪ ሰሎሞን ወርዶፋ። አባታችን ከበደ ተዘሏል፤ ይቅር ይበለን።