የመጀመሪያው ፈራሚ

ኖፋል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ወለል ሲያነጥፍ ጉልበቱ አልቆ፣ በስተርጅናው የራሱን ቤት ሠራ። ቦታው ከዮርዳኖሷ ማደባ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ድሮ ስንዴ ይዘራበት የነበረ ተዳፋት ነው። መሬቱን ሸንሽኖ የሸጠለት ሰውዬ "ስለ መብራቱ አታስብ፣ ሰው ሲገባ አብሮ ይገባል" ብሎት ነበር። ውሃውን በቦቴ እያስመጡ ቻሉት። የመብራቱ መስመር ግን ዋናው መንገድ ዳር ካለው ዳቦ ቤት ደርሶ ቀጥ አለ። ከዚያ እስከ ኖፋል በር አሥራ አንድ ምሰሶ ይፈልጋል።

ምሰሶውን ማን ይክፈል? የመብራት ድርጅቱ ባለቦታው ይክፈል ይላል። ማዘጋጃ ቤቱ ድርጅቱ ይክፈል ይላል። መሬት ሻጩ ስልኩን አያነሳም። በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ፈርሞ ያመለከተ ሰው የምሰሶውን ወጪ በሙሉ ይሸፍናል፤ ከኋላው የሚመጣው ቆጣሪውን ብቻ አስገብቶ አምፖሉን ያበራል። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው በሕይወቱ ጎረቤት የሚባል ነገር አያውቅም ማለት ነው። ተዳፋቱ ላይ ሰባት አባወራ ነበር፤ ሰባቱም የሌላውን ፊርማ ይጠብቃሉ።

አጠባበቁም ብልሃት ወጣለት። አንዱ "ገና አልገባሁም" ለማለት ብሎ ጣሪያውን በጅምር ተወው። ሌላው ሰው እንደሚኖርበት እንዳይታወቅ ልብስ ውጭ ማስጣት ከለከለ። የባሰው ግን የኖፋል የቅርብ ጎረቤት አቡ ጋሊብ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ሰው፣ ከነልጆቹ ሦስት ዓመት ከኖረበት በኋላም "እኛ እኮ አየር ልንቀይር ነው የምንመጣው" ይል ነበር።

"አቡ ሚሽዓል!" ይላል፣ ኖፋልን በልጁ ስም እየጠራ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ። "አንተ እንደሆንክ ሥራ የለህ፣ ጊዜ ሞልቶሃል። ሂድና ፈርመህ ገላግለን!"

"ለማቀዝቀዣህ እኔ ልክፈልልህ?"

"የምን ማቀዝቀዣ? ማቀዝቀዣ የታለኝ?"

"ከነካርቶኑ ያስቀመጥከዋ! ሚስትህ ለሚስቴ ነግራታለች።"

ተሳስቀው ይለያያሉ።

ሳቁ የማይጥማት የኖፋል ሚስት ወድሓ ብቻ ነበረች። አስም አለባት። ደረቷ ሲዘጋ መድኃኒቱን በእንፋሎት መልክ በሚሰጣት ትንሽ መሣሪያ ካልሳበች አየር አይገባላትም። መሣሪያው መብራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኖፋል የፒካፕ መኪናውን ባትሪ እየፈታ ያያይዝላታል፣ ሲሻላት መልሶ ይገጥመዋል።

"ወርቄን ሽጠውና ክፈል" አለችው አንድ ቀን። "አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ትንፋሽ አይሆነኝ።"

"ያንቺን ወርቅ ሸጬ ለአቡ ጋሊብ መብራት ላስገባ? ሞቼ እገኛለሁ!"

"አንተማ አትሞትም" አለችው።

ይቺ ቃል አንጀቱን በላችው። በሳምንቱ ወርቁን ሸጠና ገንዘቡን ይዞ ወደ መብራት ቢሮው ሄደ። ሰልፉ ላይ ከፊቱ የቆመው ሰው ዞር ሲል፣ አቡ ጋሊብ ሆኖ ተገኘ። የቦታውን ካርታ በብብቱ ሸጉጧል።

"ለመፈረም መጣህ እንዴ?" አለ አቡ ጋሊብ።

"እኔ? ኧረ የእህቴን ቆጣሪ ላዛውር ነው። አንተስ?"

"የሱቁን ሂሳብ ልከፍል።"

"በል ተራህ ደርሷል፣ ቅደም።"

"ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም!"

እንዲህ ሲባባሉ ከኋላ ያለው ሰው ተቆጥቶ አለፋቸው። ሁለቱም አንድ የረሱት ወረቀት ትዝ አላቸውና ወጡ። ኖፋል መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎት ነዳ። ካርታ ይዞ የመጣ ሰው ሊፈርም ካልሆነ ለምን ይመጣል? ነገ ይመለሳል፣ ይፈርማል፣ የወድሓ ወርቅም ተመልሶ ይገዛል። ቤት ሲደርስ "የሚያስፈርመው ሰውዬ ዛሬ ቢሮ አልገባም" አላት። አመነችው። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ቀን አቡ ጋሊብን ሲጠብቅ አሳለፈው፤ ምስኪን፣ አቡ ጋሊብም ከአጥሩ ማዶ እሱን ሲጠብቅ እንደነበር አላወቀም።

በጥር ጉም ተዳፋቱን ሸፈነው። ወድሓ ሁለት ቀን ሙሉ ከመሣሪያው አልተለየችም። በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል የመሣሪያው ድምፅ እየደከመ ሄዶ ዝም አለ። ኖፋል ሐኪም ቤት ሊወስዳት ባትሪውን መልሶ ገጠመና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አልተነሣም። ያው ባትሪ ነው፤ ያለውን ሁሉ ለእሷ ሰጥቶ ጨርሷል። በቁልቁለቱ ገፍቶ ሊያስነሣው ሞከረ፣ አልሆነም። ጩኸቱን የሰማው አቡ ጋሊብ በሌሊት ልብሱ ወጥቶ በራሱ መኪና ጫናት። ዳቦ ቤቱ ጋ ሳይደርሱ ባሏ ጭን ላይ ሞተች።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የተዳፋቱ ስድስት አባወራዎች ተሰልፈው ገቡ። መራራው ቡና በፍንጃል ተቀዳላቸው። አንዳቸውም አልቀመሱትም፤ ሁሉም ፍንጃላቸውን ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ አስቀመጡት። እንግዳ እንዲህ ካደረገ ልመና አለው፤ ባለቤቱ እሺ እስኪለው አይጠጣም። በለቅሶ ቤት እንዲህ ተለምኖ እንቢ ያለ ሰው በዚያ አገር አልታየም።

አቡ ጋሊብ ተነሣ።

"የምሰሶውን ገንዘብ ትናንት ስድስታችን አዋጥተን ከፍለናል" አለ። "ለቅሶ የመጡት እንግዶችህ በጨለማ መቀመጣቸው አሳፍሮን ነው፤ ለእሷ ግን ሦስት ዓመት አላፈርንም። ደግሞ የራሴ አለብኝ። ያን ቀን ሰልፉ ላይ ስታየኝ ልፈርም ነበር የመጣሁት። አንተ የእህትህ ጉዳይ ነበረብህ፤ እኔ ግን ገንዘቡን ይዤ፣ አንተን ሳይ ዋሸሁና ተመለስኩ። ገድያታለሁ። ይቅር በለን፣ አቡ ሚሽዓል።"

ኖፋል "እኔም" ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ አጭር ነበር፣ ምላሱ ላይ ደርሷል። ዘመዶቿ፣ ወንድሞቿ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ እሱን ያያል።

"ጠጡ" አለ። "ይቅር ብያችኋለሁ።"

ስድስቱም ጠጡ። ሽማግሌዎቹ "አይ አንጀት፣ አይ ትልቅ ሰው!" ተባባሉ። አቡ ጋሊብ እያለቀሰ መጥቶ ግንባሩን ሳመው፤ ኖፋልም ዝም ብሎ ተሳመ።